የመጀመሪያው ሺህ ኪሎ ሜትር፦ አዲስ ሃይብሪድ ከጣርማ በር በታች

አዲስ አበባ ላይ ቁልፍ ተረክቦ በዚያው ቀን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው፣ የመኪናው ፍሬን ሮዳጁን፣ ማለትም የመጀመሪያ መላመጃውን፣ ሳይጨርስ ጣርማ በር ይደርሳል። የቶዮታ መመሪያ መጽሐፍ በመጀመሪያዎቹ 300 ኪሎ ሜትሮች ድንገተኛ ፍሬን እንዳይያዝ ያሳስባል። ጣርማ በር ግን ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉትን ዋሻ ካለፈ በኋላ መንገዱ ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ይነሳና በደብረ ሲናና በአርማኒያ በኩል እየተጠማዘዘ፣ ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ውስጥ ወደ 1300 ሜትር ይወርዳል። ለአዲስ መኪና የመጀመሪያ ፈተና ይህ ይሁን ብሎ ያቀደ መሐንዲስ ያለ አይመስለኝም። ስለ ሃይብሪድ ሮዳጅና ስለ ሞተር ማሞቅ የሚነገረው ምክር አብዛኛው ለሜዳ የተነገረ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ወዳለችበት ወደ ይፋት የሚሄድ ሰው ደግሞ ሜዳውን የሚያገኘው ገደሉን ከወረደ በኋላ ነው።

ምክሩ ከየት እንደመጣ ማየት ይጠቅማል። ሮዳጅ በኛ አገር አዲስ መኪና ከመግዛት ጋር ብዙም ተያይዞ አያውቅም። ለረጅም ዓመታት የግል መኪና ማለት ውጭ አገር ተነድቶ የመጣ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ነበር፤ ሮዳጁን ሌላ ሰው ሌላ አገር ጨርሶለታል። እዚህ ሮዳጅ የሚባለው ሞተሩ ለወረደ መኪና ነው። ፒስተንና ፋሻ ተቀይሮ ከጋራዥ ሲወጣ መካኒኩ ባለቤቱን ይመክረዋል፦ ከ60 አትለፍ፣ ጭነት አትጫን፣ ዳገት ላይ አትጨክንበት፣ ሺህ ሲሞላ ዘይቱን ቀይር። ይህ ምክር ትክክል ነበር። ጋራዥ ውስጥ በእጅ የተገጠመ ሞተር ክፍተቱ ከፋብሪካው ልክ ይዛነፋል፣ ብናኝ ብረትም አያጣም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጭኖ ገበያውን ወደ አዲስ ሲገፋው፣ ለወረደ ሞተር የተበጀው ምክር እንዳለ ለአዲሱ ሃይብሪድ ተላለፈ። ከዚህ ምክር ውጭ ያሉት ሁለት ወገኖች ደግሞ ዳር ላይ ናቸው። አንደኛው «የዘመኑ መኪና ሮዳጅ አያውቅም፣ ዝም ብለህ ንዳ» ይላል። ሌላው በተቃራኒው ሞተሩን ከመጀመሪያው ቀን አጥብቆ መንዳት ጉልበቱን ያወጣዋል ባይ ነው።

ሦስቱም የሚከራከሩት ቺሊንደር ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ነው። ፋብሪካው የቺሊንደሩን ግድግዳ አለስልሶ አይተወውም። ዘይት የሚይዙ፣ እርስ በርስ የሚሻገሩ ቀጫጭን ጭረቶች ያወጣበታል። በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ፋሻ ከዚያ ግድግዳ ጋር እየተፋተገ ልኩን ይይዛል። ወደ ግድግዳው የሚገፋው የራሱ ውጥረት ብቻ አይደለም፤ ነዳጁ ሲቃጠል የሚፈጠረው ግፊት ከጀርባው ገብቶ ይገፋዋል። ስለዚህ ሞተሩ ምንም ጫና ሳያገኝ ቆሞ ብቻ ቢሠራ ፋሻው በደንብ አይቀመጥም፤ ግድግዳው በተቃጠለ ዘይት ይለሰልሳል፤ መኪናውም ዕድሜ ልኩን ዘይት ሊበላ ይችላል። ከልክ በላይ ቢጫን ደግሞ ገና ያልተላመደው ብረት በሙቀት ይጎዳል። የሚፈለገው መካከለኛና የሚለዋወጥ ጫና ነው። ዛሬ ፋብሪካዎች የጭረቶቹን ሹል ጫፍ አስቀድመው ስለሚያለሰልሱት ሥራው አጥሯል እንጂ አልጠፋም። የቶዮታ መጽሐፍም እስከ 800 ኪሎ ሜትር ተሳቢ እንዳይጎተት፣ እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ደግሞ በጣም እንዳይፈጠን፣ ነዳጅ በድንገት እንዳይረገጥ፣ በከባድ ማርሽ ያለማቋረጥ እንዳይነዳና በአንድ ፍጥነት ለረጅም ጊዜ እንዳይኬድ የሚመክረው ለዚህ ነው። «ከ60 አትለፍ» የሚለው የጋራዥ ምክር ከመጨረሻዋ ነጥብ ጋር ይጋጫል። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን 130 ኪሎ ሜትር በ60 ላይ ተቸክሎ የሚሄድ ሰው ሮዳጅ እየሠራ ይመስለዋል እንጂ መጽሐፉ የከለከለውን እያደረገ ነው።

ሃይብሪድ ሲመጣ ሌላ ነገር ተጨመረ። ዳሽቦርዱ ላይ የሚቆጠረው ኪሎ ሜትር የጎማው ነው፤ የሞተሩ አይደለም። ሸዋ ሮቢት ከተማ ውስጥ ከገበያ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ መሥሪያ ቤት የሚመላለስ የቶዮታ ራቭ 4 ሃይብሪድ ከመንገዱ ከፊሉን በባትሪ ይሸፍነዋል። ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ ሞተሩ ከዚያ እጅግ ያነሰ ሊሠራ ይችላል፤ ያችንም የሠራት ለአንድና ሁለት ደቂቃ እየተነሳ እየጠፋ ነው። ሳይሞቅ የሚጠፋ ሞተር ውስጥ ያልተቃጠለ ቤንዚንና እርጥበት ዘይቱ ላይ ይቀራል፤ ዘይቱ በደንብ ካልጋለ ተንኖ አይወጣም። በቆላ ከተማ ውስጥ ለሃይብሪድ ሮዳጅ ትልቁ ጠላት ይህ አጫጭር ጉዞ ይመስለኛል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን በጀውሃና በሰንበቴ በኩል አጣዬ ደርሶ መመለስ። መስመሩ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ገደል የለበትም፣ ፍጥነትም ያለዋውጣል፤ ለሮዳጅ ቢፈለግ ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ሃይብሪድ ሲባል ሁሉም አንድ እንዳልሆነ ሻጮች አጥርተው አይናገሩም። አነስተኛ ባትሪ ይዞ ሞተሩን የሚያግዝ ብቻ የሆነው ዓይነት፣ መኪናው እስኪቆም ድረስ ሞተሩ በአብዛኛው ስለማይጠፋ ሮዳጁ እንደ ማንኛውም ቤንዚን መኪና ነው። ከግድግዳ ሶኬት የሚሞላው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በየማታው የሚሞላው ሰው ለሳምንታት የሞተር ድምፅ ላይሰማ ይችላል። አሜሪካኖቹ ሸቭሮሌ ቮልትን ሲሠሩ ይህ ስላሳሰባቸው፣ ባለቤቱ ፈለገም አልፈለገም ሞተሩ ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ራሱ ተነስቶ እንዲሠራ አደረጉት። ከዚህ በኋላ የምናገረው በዋነኛነት ስለ መካከለኛው፣ ማለትም ስለ ቶዮታ ዓይነቱ ነው።

ሞተር ማሞቅ ላይ ስንመጣ ልማዱ ከናፍጣ መኪና የተወረሰ ነው። ሸዋ ሮቢት ያደረ የጭነት መኪና ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ሲያጓራ የሚቆየው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የንፋስ ፍሬኑ ጋኖች ግፊት እስኪሞሉ መንቀሳቀስ አይችልም። ካርቡሬተር ያለው የድሮ ቤንዚን መኪናም ሳይሞቅ ከተነዳ ያንቀዋል፣ ይጠፋል። ሁለቱም ምክንያቶች ሃይብሪድ ላይ የሉም። ግን ልማድ ምክንያቱ ሲጠፋ አብሮ አይጠፋምና፣ ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ አዲሱን ሃይብሪድ አስነስቶ ሞተሩ እስኪሰማ የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል። ዝም ሲል ባትሪ የሞተ መስሎት ቁልፉን ደጋግሞ የሚጫንም አለ።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ቁልፉ ተጭኖ «ሬዲ» የሚለው መብራት ሲበራ መኪናው ለመሄድ ዝግጁ ነው፣ ሞተሩ ተነሳም አልተነሳም። ሞተሩ ሲነሳ የሚያዞረው እንደ ድሮው ትንሽ ሞተሪኖ አይደለም። ከሞተሪኖ የሚበልጥ የኤሌክትሪክ ሞተር በደቂቃ ወደ 1000 ዙር ካደረሰው በኋላ ነው ነዳጅ የሚገባው፤ ስለዚህ የዘይት ግፊቱ ከመጀመሪያው ፍንዳታ በፊት መነሳት ይጀምራል። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ሞተሩን በዝቅተኛ ጫና እያሠራ በዋነኛነት የጭስ ማጣሪያውን ያሞቃል፤ ማጣሪያው በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ ሴልሺየስ ካልደረሰ መርዛማውን ጋዝ አያጠፋም። በዚህ ጊዜ ሰውየው ቢነዳ መኪናውን የሚገፋው በአብዛኛው ባትሪው ነው። ከ1990 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1997) ጃፓን ላይ የመጀመሪያው ፕሪየስ ከተሸጠበት ጊዜ ጀምሮ ቶዮታ በዚህ ነገር ላይ ብዙ ለፍቷል፤ ሁለተኛው ፕሪየስ አሜሪካ ሲሸጥ የሞቀ የራዲያተር ውሃ በቴርሞስ መሰል ዕቃ ይዞ ያሳድር ነበር። ማሞቁን የሚያውቀው መኪናው ነው ማለት ነው። ሾፌሩ የሚችለው ማገዝ ወይም ማደናቀፍ ብቻ ነው። ማገዝ ማለት ወዲያው ተነስቶ ለጥቂት ደቂቃ በእርጋታ መንዳት ነው። ማደናቀፍ ደግሞ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በማለዳ በባትሪ ብቻ የሚያስነዳውን የ«ኢቪ» ቁልፍ መጫን ነው፤ መኪናው ካልሞቀ እምቢ ይላል፣ እሺ ካለም ማሞቁን ወደ ኋላ ከመግፋት በቀር የሚያተርፈው የለም።

በዚህ ላይ ቦታው አለ። ደብረ ብርሃን 2840 ሜትር ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚጋገርበት ጠዋት አለ። እዚያ ያደረ መኪና ዘይቱ ቀዝቅዟል፤ ተነስቶ ወዲያው ከባድ መኪና ልቅደም ብሎ ነዳጅ እስከ ወለሉ መርገጥ አዲስ ሞተር ላይ ግፍ ነው። ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ሸዋ ሮቢት ላይ ማለዳው ራሱ ሙቅ ነው፤ ለሃይብሪድ የሚመከረው ቀጭን ዘይት በዚያ ሙቀት ወዲያውኑ ይፈስሳል። ሸዋ ሮቢት ላይ አሥር ደቂቃ ሞተር ማሞቅ ቤንዚን ማቃጠል ነው፣ ቤንዚን ደግሞ በዚህ መስመር እንደልብ የሚገኝ ነገር አይደለም። ኒውዮርክ ከተማ ቆሞ ሞተር ማሠራትን ከ3 ደቂቃ በላይ በሕግ ትከለክላለች፤ እኛ ዘንድ ደግሞ የቤንዚን ወረፋው ብቻ ይበቃ ነበር።

ዋናው ጉዳይ ግን ቁልቁለቱ ነው። ሂሳቡን እናስላው። ሰውና ዕቃ ይዞ 2000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1800 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠጋል። ጎማና ነፋስ ከዚያ ላይ አንድ ሦስተኛውን ወይም ትንሽ ከፍ ያለውን ይበሉታል እንበል። የቀረው 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ የት ይግባ? የራቭ 4 ሃይብሪድ ባትሪ ጠቅላላ መጠኑ 1.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ኮምፒውተሩም ዕድሜው እንዲረዝም ብሎ መካከለኛውን ክፍል ብቻ ይጠቀማል። ስለዚህ መኪናው ዋሻውን አልፎ ደብረ ሲና ከተማን ብዙም ሳይርቅ ባትሪው ይሞላል። ከዚያ በኋላ «ሃይብሪድ በቁልቁለት ቻርጅ ያደርጋል» የሚለው ደስታ አበቃ፤ ገና ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ይቀራል።

ባትሪው ሲሞላ ሾፌሩ ሁለት ነገር ይሰማዋል። ፍሬን ሲይዝ የሚሰማው ስሜት ይቀየራል፣ ምክንያቱም እስካሁን ከፊሉን የሚይዘው የኤሌክትሪክ ሞተሩ ነበር፤ አሁን ሸክሙ ወደ ፍሬን ሸራው ዞሯል። ሁለተኛ፣ በተለይ ማርሹ ለቁልቁለት በሚሆነው «ቢ» ላይ ከሆነ (በአንዳንዱ «ኤስ» ነው)፣ ሞተሩ በድንገት ያጓራል። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ ሞተሩ የተበላሸ መስሎት ወደ «ዲ» ይመልሰዋል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ኮምፒውተሩ ትርፉን ጉልበት የሚያስቀምጥበት ሲያጣ ሞተሩን ያለ ነዳጅ በኤሌክትሪክ ያዞረዋል፤ ናፍጣ ሾፌር በከባድ ማርሽ ይዞ እንደሚወርደው ማለት ነው። ጩኸቱ የፍሬን ሸራው እየዳነ ለመሆኑ ምልክት ነው።

መጽሐፉ «በከባድ ማርሽ ያለማቋረጥ አትንዱ» ስላለ አንዳንዱ ጠንቃቃ ባለቤት ለሮዳጅ ሲል ደብረ ሲናን በ«ዲ» እና በፍሬን ብቻ ይወርዳል። እዚህ ላይ አልስማማም። ገና ያልተላመደ የፍሬን ሸራ ላይ 1800 ሜትር ቁልቁለት መጫን ከሞተሩ ሮዳጅ በብዙ እጥፍ ይከፋል፤ ሞተር ቢጎዳ ዘይት ይበላል፣ ፍሬን እምቢ ቢል ግን ታች ገደል ነው። ያለ ነዳጅ የሚሽከረከር ሞተር ሙቀቱም ጫናውም አነስተኛ ነው። እንዲያውም ነዳጅ ተረግጦ ከዚያ ሲለቀቅ ፋሻው በሁለቱም ፊቱ ይላመዳል የሚሉ የድሮ መካኒኮች አሉ፤ ለሰዓት ሙሉ ቁልቁለት ባይሆንም ለአጭር ጊዜ እውነትነት አለው። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች «ያለማቋረጥ» ሲሉ ደብረ ሲናን አላሰቡም። ማርሹን «ቢ» ላይ አድርጎ፣ ደብረ ሲና ከተማ ላይ ቆም ብሎ ሻይ ጠጥቶ፣ አርማኒያ አካባቢም አረፍ ብሎ መውረድ ሁለቱንም ያስታርቃል። በዜሮ ማርሽ መውረድ ግን፣ ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉት፣ ለሃይብሪድ ድርብ ስህተት ነው፦ ባትሪው አይሞላም፣ ሞተሩም አይዝም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ወደዚያ ገደል አለመቸኮል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ወይም በደብረ ብርሃን መስመር ላይ 300 ኪሎ ሜትሩን ጨርሶ መውረድ ብዙ ወጪ የለውም። ይህን የሚያደርግ ባለቤት ግን ጥቂት ነው። አዲስ መኪና የገዛ ሰው ዘመዶቹ ጋ ለመድረስ ይቸኩላልና አልፈርድበትም።

ዳገቱን በአጭሩ ላንሳ። ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት ወይም ማሾ ጭኖ፣ አራት ሰው ይዞ ወደ ጣርማ በር የሚወጣ ሃይብሪድ ባትሪው በጥቂት ደቂቃ ይዳከማል፤ ከዚያ ያለው ሞተሩ ብቻ ነው። ያም ሞተር ሲወጣ እየሳሳ የሚሄድ አየር ይተነፍሳል፤ ከ3000 ሜትር በላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በ30 በመቶ ገደማ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ይደክማል። ለሺህ ኪሎ ሜትር ያልበቃ ሞተር በዚህ ዳገት ላይ ጭነቱ ይቀነስለት። ከሲኖትራክ የጭነት መኪና ኋላ ቆሞ ቆሞ መሄድ ግዴታ ሲሆን ደግሞ ቁልቁል እንዳይንሸራተት መኪናውን በነዳጅ ፔዳል ብቻ ይዞ መቆም አይገባም፤ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ሳይዞር ጉልበት እየሰጠ ይግላል። ፍሬን ይያዝ።

ቆላው ራሱ ሌላ ጉዳይ አለው፤ ከሞተሩ ይልቅ ባትሪውን ይመለከታል። ራቭ 4 ሃይብሪድ ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው፤ የሚቀዘቅዘውም ከመቀመጫው አጠገብ ባለ ወንፊት በኩል በሚስበው የመኪናው የውስጥ አየር ነው። ያ ወንፊት የት እንዳለ የማያውቅ ባለቤት ብዙ ነው። ዕቃ ይቀመጥበታል፣ የልጅ ብርድ ልብስ ይወድቅበታል፣ የቆላ አቧራ ይደፍነዋል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ገብቶ መስኮት ከፍቶ ሞቃቱን አየር አስወጥቶ ማቀዝቀዣውን መክፈት ለሰውም ለባትሪም ይሻላል። ዘይት ላይ ደግሞ የሸዋ ሮቢት መካኒክ «ለቆላ ወፍራም ነው የሚሆነው» ብሎ ለናፍጣ የሚሆነውን ሊጨምር ይችላል። መመሪያው 0ደብልዩ16 ወይም 0ደብልዩ20 ከጠየቀ ያው ይፈለግ። ቶዮታ ራሱ ጫናው ሲከብድ ከዚያ ትንሽ ወፈር ያለ ዘይት ሊሻል እንደሚችል ጽፏል፤ ያ ግን በመጽሐፉ ዝርዝር ውስጥ ካሉት መካከል ነው እንጂ በመደርደሪያ ላይ ከተገኘው አይደለም። በሺህ ኪሎ ሜትር ዘይት መቀየር ያስፈልጋል ወይ ለሚለው፦ ቶዮታ አያስገድድም፣ ሆንዳ ፋብሪካው የሞላው ዘይት ቀድሞ እንዳይወጣ ይመክራል። አቧራና ዳገት ባለበት አገር ግን ለከባድ አገልግሎት የተጻፈውን 5000 ኪሎ ሜትር መያዝ ከዚህም ከዚያም ክርክር ይበልጣል። በመንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን ላምባ የተቀላቀለበት ሊሆን ስለሚችል፣ አዲስ ሞተር ያለው ሰው የሸዋ ሮቢት ማደያ ደርቆ ከሚያገኘው ደብረ ብርሃን ላይ ሞልቶ የመውረድ ልማድ ቢያዳብር ይሻለዋል።

በዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የሚነዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሃይብሪድን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። ዘመድ መኪና ገዛ ሲባሉ በስልክ የሚሰጡት ምክር «ምንም አታድርግ፣ ዘይቱን በጊዜው ቀይር፣ ንዳ» የሚል ነው። ሞተሩን በተመለከተ ልክ ናቸው፤ ከተማቸው ግን ከባሕር ጠለል ብዙም የማትበልጥ ሜዳ ናት።

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ካልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ካሳወቁ ወዲህ የሃይብሪድ ዘመን እዚህ አጭር ሊሆን ይችላል። የሞተር ሮዳጅ ከዚያ ጋር ይቀራል፤ የፍሬን ሮዳጅ ግን ይቀጥላል። የኤሌክትሪክ መኪና ትልቅ ባትሪ ስላለው የደብረ ሲናን 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያለ ችግር ይውጠዋል፤ ከገደሉ አፋፍ አጠገብ 100 በመቶ ሞልቶ የተነሳ ካልሆነ በቀር። ያ ከሆነ ባትሪው መቀበል አይችልም፣ መኪናውም የሚያዞረው የቤንዚን ሞተር እንኳ የለውም፤ ጣርማ በር ላይ ቀሪው ሸራው ብቻ ነው። ከአፋፉ አጠገብ የሚነሳ ሰው 80 በመቶ ብቻ ቢሞላ ያዋጣዋል።